ከላይ የሚታይ ጢስ፥ ከታች የሚተነፈስ አቧራ፤ ስለ ወልዲያ፥ ስለ መርሳና ስለ ሀብሩ የሳተላይት ሥዕሎች አነባበብ የቀረበ ትችት

ትችት የሚጻፈው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ብቻ ነው የሚል ልማድ በመካከላችን አለ። እኛ ግን ዛሬ በዚህ መጽሔት ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ትችት የሚጀምረው ከገዛ ሥራችን ነው። ባለፈው ዓመት በክፍላችን ጉባኤ ላይ ስለ ሰሜን ወሎ እሳትና ጢስ አንድ አጭር ጥናት አንብበን ነበር። በዚያም ጥናት ከሳተላይት የተገኘ የእሳት ነጥብ ካርታ አቅርበን፥ በሀብሩ ወረዳ ላይ የታዩትን ቀያይ ነጥቦች ቈጥረን፥ «የሀብሩ ገበሬ ከመኸር በኋላ ማሳውን በእሳት የማጽዳት ልማድ አለው፤ በበጋ የወልዲያ ሰማይ የሚደፈርሰውም ከዚሁ የተነሣ ነው» ስንል ደመደምን። ካርታው ያማረ፥ ቀለሙም የደመቀ ስለ ነበረ አድማጮቻችን አጨበጨቡልን። የመርሳ ተወላጅ የሆነች አንዲት የክፍል ጓደኛችን ብቻ ተነሥታ፥ «አባቴ ማሳውን አቃጥሎ አያውቅም፤ ጎረቤቶቻችንም አያቃጥሉም፤ እናንተ የምትሉት ገበሬ የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችን። ያን ጊዜ የሰጠናት መልስ ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል። «ሳተላይት አይዋሽም» አልናት።

ነገሩ የአንድ ክፍል ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ካርታ ዛሬ ማንም ተማሪ ባለ ስልክ ሆኖ በነጻ ሊያየው የሚችል ነው፤ ከክፍል ወጥቶም ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት፥ ወደ ፍርድም ቦታ ሊደርስ ይችላል። በካርታ ላይ «አቃጣይ» ተብሎ የተጻፈ ገበሬ ደግሞ ካርታውን አይቶ መልስ የሚሰጥበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የነጥቡንና የቀለሙን ትርጉም እንደ አንድ ጽሑፍ ቃል በቃል መመርመር ግዴታችን ነው ብለን አሰብን።

በመጀመሪያ ነጥቡ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። የሚነድ ነገር የሞገድ ርዝመቱ 4 ሚክሮሜትር ገደማ በሆነው፥ በዐይን በማይታየው የሙቀት ጨረር እጅግ ያበራል፤ ያልነደደ መሬት ግን ይበልጥ የሚያበራው በ11 ሚክሮሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው ሁለቱን እያነጻጸረ፥ አንዱ ካሬ ከጎረቤቶቹ ይልቅ በ4 ሚክሮሜትር ከመጠን በላይ ደምቆ ሲያገኘው «በዚህ ስፍራ እሳት ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ይመዘግባል። በ1992 ዓ.ም. በተላከው ቴራና በ1994 ዓ.ም. በተላከው አኳ በተባሉት ሳተላይቶች ላይ የተጫነው ሞዲስ የሚባለው መሣሪያ የሚለካው ካሬ በየጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሰማይ የወጣው ቪርስ ደግሞ ይህን ወደ 375 ሜትር አሳንሶታል።

ይህ ቍጥር ለጂኦግራፊ ተማሪ ሁሉ የታወቀ ነው። እኛም በፈተና ላይ ጽፈነዋል። ነገር ግን ወደ አገራችን የመሬት ልክ መልሰን አላየነውም ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ማለት 100 ሄክታር፥ በገበሬው አቈጣጠር 400 ጥማድ ያህል ነው። የቪርስ ካሬ እንኳ ከ50 ጥማድ በላይ ይሆናል። በሀብሩ አንድ ቤተ ሰብ የሚያርሰው መሬት ከጥቂት ጥማድ የማያልፍ ስለ ሆነ፥ በአንድ ነጥብ ሥር የብዙ ሰዎች ማሳ፥ የወል ግጦሽ፥ አንድ ጅረት፥ አንድ የመቃብር ስፍራና የመኪና መንገድ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ነጥቡ የሚሣለው በካሬው መካከል ነው፤ እሳቱ ግን በካሬው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ትልቅም መሆን የለበትም፤ ሞዲስ 1000 ካሬ ሜትር የሚሆን ነበልባል ዘወትር ያገኛል፤ አየሩ ጥርት ብሎ ሁኔታው ሲመችም ከዚያ በዐሥር እጅ ያነሰውን ለይቶ ያያል። እንግዲህ ነጥቡ «ከዚህ አካባቢ ሙቀት ወጥቷል» ከማለት አያልፍም። «ማሳ ተቃጠለ» የሚለውን ከራሳችን ጨምረን የጻፍነው እኛ ነን።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ የሚሆን አንድ የአነባበብ ዘዴ አላቸው። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ቃል ይዞ «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ሊሆን የሚችለውን ፍች ሁሉ ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ይሰጣል። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን ከትርጓሜ ቤት ደጃፍ አልደረስንም፤ የምናውቀው ከሩቅ ነው። ቢሆንም ለቀይ ነጥብ ከዚህ የተሻለ የአነባበብ ሥርዐት አላገኘንም። አንድም ሰደድ እሳት ነው፤ አንድም የምንጣሮ እሳት ነው፤ አንድም የከሰል ጕድጓድ ነው፤ አንድም የተቃጠለ ቤት ነው፤ አንድም እሳተ ገሞራ ነው፤ አንድም የፀሐይ ንዳድ ያጋለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንድም ፀሐይ ያረፈበት ትልቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ነጸብራቅ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለጨዋታ የተጨመሩ አይደሉም፤ መሣሪያውን የሠሩት ሊቃውንት ራሳቸው በቀን በሚወሰዱ ልኬቶች ላይ የሚያስጠነቅቁባቸው ስሕተቶች ናቸው።

ባለፈው ጥር ወር በጓደኛችን መሪነት ከነጥቦቹ መካከል በእግር ልንደርስባቸው የቻልንባቸውን ሦስት ስፍራዎች አየን። ከወልዲያ በሚኒባስ ተነሥተን፥ በሲሪንቃ በኩል መርሳ ደርሰን፥ ከዚያ በባጃጅ፥ ቀጥሎም በእግር ወደ ምሥራቁ ቆላ ወረድን። በመጀመሪያው ስፍራ ያገኘነው በአንድ አዛውንት ግቢ አጠገብ ጥቁር ክብ ምልክት ነበር። የማሽላ አገዳ ክምር ነበረ፤ ልጆች ሲጫወቱ ባስነሡት እሳት በአንድ ቀን አመድ ሆኗል። እርሳቸውን «አባባ፥ እዚህ አገር ሰው ከመኸር በኋላ ማሳውን ያቃጥላል?» ብለን ስንጠይቃቸው፥ ጥያቄው እንደ ስድብ ሆኖባቸው ዝም ብለው ተመለከቱን። በኋላም «ልጆቼ፥ አገዳ የከብት ቀለብ ነው፤ የምድጃ ማገዶ ነው፤ የአጥር ማገር ነው። ወላሂ፥ አገዳውን ወዶ የሚያቃጥል ሰው የገዛ ቤቱን ያቃጠለ ነው። እኔ በዚህ ክምር እሳት ሁለት በሬ ሸጫለሁ» አሉን። እኛ በሠንጠረዣችን ላይ «ልማድ» ብለን የመዘገብነው የእኒህን ሰው ጥፋት ነበር።

በሁለተኛው ስፍራ ከተራራው ግርጌ ያለ ቍጥቋጦ ተቃጥሎ አገኘን፤ ማር ቈራጮች ንቡን ለማጠን ያነሡት እሳት ከእጃቸው አምልጦ ነው ተባልን። በሦስተኛው ስፍራ ግን ምንም አልነበረም። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት፥ ሣር የማይበቅልበት ሜዳ ነው። ግማሽ ቀን ዞርንበት፤ አመድም ከሰልም አላየንም። ማስታወሻችንን ስንገልጥ ነጥቡ በቀን የተመዘገበ፥ የእርግጠኝነቱም ደረጃ ዝቅተኛ ተብሎ የተጻፈ ሆኖ አገኘነው። ያ ደረጃ ከነጥቡ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው፤ እኛ ግን ቍጥራችን እንዳያንስ ብለን ያን ዐምድ ሳናነብ አልፈነው ነበር።

ከሦስት ስፍራ ተነሥቶ ስለ ወረዳው ሁሉ መፍረድ ያው የመጀመሪያውን ስሕተት መድገም ስለ ሚሆን፥ በሀብሩ የማሳ ቃጠሎ ከቶ የለም አንልም። የምንለው፥ ነጥቡ ብቻውን ይህን ለማለት አያበቃም ነው። ከአገራችን ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ከሀብሩ በስተሰሜን ምሥራቅ በአፋር ምድር የሚገኘው የኤርታ አሌ ተራራ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የእሳት ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ቅልጡ ከጕድጓዱ ወጥቶ በጎኑ በፈሰሰ ጊዜ ደግሞ ነጥቦቹ እጅግ በዝተው ነበር። ያንን ማንም «የአፋር ሰደድ እሳት» አይለውም፤ ኤርታ አሌ ታዋቂ ስለ ሆነ ነው። የታወቀ ስም የሌለው የሀብሩ ኮረብታ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም። እንዲሁም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ወራት የተመዘገበውን ሙቀት «ግብርና» በሚል ርእስ ሥር የሚያስገባ ተማሪ ካለ፥ የሚያደርሰው በደል ከእኛ ይብሳል።

ነጥብ ያለበትን ስንተች ነጥብ የሌለበትንም መመልከት ይገባል። ቪርስ በእኛ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በመስከረም 16 ማታም ሆነ በ17 ንጋት የሚለኰሰው የደመራ እሳት በአገሩ ሁሉ ስንት እንደ ሆነ እናስብ፤ ሳተላይቱ እኩለ ቀን ላይ ሲመጣ አብዛኛው አመድ ሆኗል፤ የክረምቱ ደመና ካልተገፈፈም የሚያየው ነገር የለም። ቶሎ ነድዶ የሚጠፋ እሳት በሁለቱ ማለፊያዎች መካከል ተነሥቶ ሊያበቃ ይችላል። እንግዲህ የነጥቦቹ ቍጥር እኩል የሚጐድል ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር፤ ጉድለቱ ግን እንደ ሰዓቱ፥ እንደ ወራቱና እንደ እሳቱ ዐይነት ይለያያል።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ሳተላይትን ለማንኳሰስ የተጻፈ እንዳይመስል፥ ሥዕሉ በእውነት የሚመሰገንበትን ቦታም ማሳየት አለብን። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፥ ከዚያ በፊት ሲፈነዳ በታሪክ ያልተመዘገበው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ በአፋር ፈነዳ። ከወልዲያ በቀጥታ መስመር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ በማግሥቱ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም አገር የአውሮፕላን በረራዎች ተሰረዙ። ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ሳይንቀሳቀስ የሚቆመው ሜቲዮሳት በየሩብ ሰዓቱ የሚያነሣው ሥዕል ባይኖር ኖሮ የደመናውን አካሄድ በዚያ ፍጥነት ለአብራሪዎች መንገር የሚችል አልነበረም። ሴንቲኔል አምስት ፒ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ትሮፖሚ ደግሞ ከአመዱ ጋር የወጣውን የድኝ ጋዝ ለየ። በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ነብሮ በፈነዳ ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በሩቅ፥ መንገድ በማይገባበት፥ መለኪያ ባልተተከለበት ስፍራ «ምን ተነሣ፤ ወዴትስ እየሄደ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከሳተላይት የሚወዳደር ምስክር የለም።

ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት በግቢያችን የሆነውን ያየ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ አይረሳም። ያ ባለ ቀለም ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፥ ግማሾቹ ጓደኞቻችን «አመዱ ወደ እኛ እየመጣ ነው» ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ግማሾቹም «ተመስገን፥ ወደ ሕንድ ሄዶልናል» አሉ። ሁለቱም ያነበቡት አንዱን ሥዕል ነው፤ ሁለቱም የረሱት አንዱን ነገር ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው የደመናውን ራስ ነው። በዚያ ወር በላይኛው ሰማይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነጕዳል፤ በምድር አጠገብ ያለው ነፋስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ እኛ ተራሮች ይነፍሳል። ራሱ ወደ ዴልሂ ሲሄድ የወደቀው አመድ በአፍዴራ መንደሮችና በከብቶች ግጦሽ ላይ ተነጠፈ። ዓለም ሁሉ የሕንድን አውሮፕላን ሲያወራ፥ የአፍዴራ አርብቶ አደር እንስሳው የሚበላው ሣር አጥቶ ነበር። እርሱን ያየው በእግሩ የሄደ ሰው እንጂ ከላይ የተነሣው ሥዕል አልነበረም።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ። የወልዲያና የመርሳ ሰው በበጋ ከምሥራቅ የሚመጣውን ድፍርስ አየር ያውቀዋል፤ ተራራው ከነቅርጹ ይጠፋና ፀሐይ እንደ ብር ሳንቲም ነጭ ሆና ትታያለች። አቧራን በሳተላይት ለመለየት የተለመደው ዘዴ በ8.7፥ በ10.8 እና በ12 ሚክሮሜትር የተለኩትን የሙቀት ጨረሮች እያቀናነሱ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም መስጠት ነው። በዚህ ሥዕል ላይ አቧራ ደማቅ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ሌሊትም ይሠራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ድካሙ ደግሞ ይህ ነው፤ አቧራው ዝቅ ብሎ በምድር ላይ ሲተኛ ሙቀቱ ከመሬቱ ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከፍ ብሎ የሚበረው አቧራ ደምቆ ይታያል፤ በአፍንጫችን ቁመት ያለው ይደበቃል። ዐይኑ ለአብራሪ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ልኬት ሊቃውንቱ የብናኝ ብርሃን ጋራጅነት የሚሉት ነው፤ ከምድር እስከ ሰማይ ባለው ዐምድ ውስጥ ያለው ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ምን ያህል እንዳደከመ የሚነግር፥ መስፈሪያ የሌለው ቍጥር። እኛ በጥናታችን ይህን ቍጥር የአየር ንጽሕና ቍጥር አድርገን አቅርበነው ነበር፤ ከስሕተቶቻችን ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ዐምድ ማለት ዐምድ ነው። ከአራት ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ የሚያልፍ የዐረብ ምድር አቧራም፥ በመርሳ አውቶቡስ ተራ የሚነሣውም አቧራ በአንድ ድምር ውስጥ ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ያወጣው መመሪያ የሚናገረው ደግሞ ስለምንተነፍሰው ነው፤ ከ2.5 ሚክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ በአንድ ኩብ ሜትር አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ሚክሮግራም፥ በአንድ ቀንና ሌሊት አማካይ ከ15 ሚክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዐምዱ ወደዚህ ቍጥር ለመድረስ የብናኙን ከፍታ፥ የአየሩን እርጥበትና የብናኙን ዐይነት ማወቅ ያሻል። ከፍታውን በብርሃን ጨረር የሚለካው ካሊፕሶ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቶ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል፤ በ2016 ዓ.ም. የተላከው ኧርዝኬርም ተመሳሳይ መሣሪያ ይዟል። ሁለቱም የሚያዩት ግን እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነው፤ መስመሩ ዛሬ በመርሳ ላይ ካለፈ ለሚቀጥለው ጊዜ ብዙ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የአገራችን አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የሞዲስ የብናኝ ልኬት በተለመደው አቀራረቡ በየጎኑ 10 ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ ይሰጣል። በሀብሩ እንዲህ ያለ ካሬ ብናስቀምጥ፥ አንዱ ጫፉ በማሽላና በማንጎ ቆላ ላይ ሲያርፍ ሌላው ጫፉ ገብስ በሚዘራበት ደጋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከሸለቆው ወለል በላይ ያለው የአየር ዐምድ ረዥም ነው፤ ከተራራው ራስ በላይ ያለው አጭር ነው። አቧራው ሸለቆውን ሞልቶ ደጋው ጥርት ባለበት ጠዋት፥ ካሬው ሁለቱን ደባልቆ በሁለቱም ስፍራ የሌለ አንድ አማካይ ይሰጠናል። ከዚህም ሌላ፥ ለጨለማ መሬት የተሠራው የስሌት ዘዴ በአፋር ጨውና አሸዋ ላይ ስለማይሠራ ለብሩህ መሬት የተዘጋጀው ዲፕ ብሉ የተባለው ዘዴ በቦታው ይገባል። ሀብሩ በሁለቱ መካከል ያለ ድንበር ነው። በካርታችን ላይ «የቆላው አየር ከደጋው ይልቅ የቆሸሸ ነው» ብለን ያሳየነው መስመር የአየሩ ድንበር ይሁን የስሌቱ ድንበር፥ እውነቱን ለመናገር፥ አልጠየቅንም ነበር።

ስለ ነፋስም እንዲሁ። በኢትዮጵያ ከኅዳር እስከ የካቲት ብዙ የእሳት ነጥብ የሚታየው በምዕራቡ ቆላ፥ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል በኩል፥ እስከ ደቡብ ሱዳን ድረስ ነው። በዚያ ወራት የታችኛው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ያ ጢስ ከእኛ ይርቃል። በካርታ ላይ ያለ የነጥብ ብዛት ብቻውን ጢሱን ማን እንደሚተነፍሰው አይናገርም።

ሳተላይት ፈጽሞ የማያየው ጢስም አለ። ጣራ ሥር ያለ ነው። መርሳ ላይ ምሳ ያበሉን እናት እንጀራ የሚጋግሩት በሦስት ጉልቻ ላይ፥ በኩበትና በአገዳ ነበር። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይተን ዐይናችን እያነባ ወጣን፤ እርሳቸው ግን ከምጣዱ አጠገብ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠው ጋገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ያህል ናቸው። እኛ ስለ ሀብሩ ጢስ አንድ ሙሉ ጥናት ስንጽፍ ምድጃ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣንም፤ ለምን ቢባል፥ ካርታው ላይ አልነበረም። ይህን ጢስ ለመቀነስ የተሠራው ምርጥ ምድጃ በአንዳንድ ቤት መኖሩን አይተናል፤ ስለ እርሱ ግን ሌላ ጽሑፍ ያሻል።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ረቂቅ አንብበው፥ «ታዲያ በምድር ላይ መለኪያ በሌለበት አገር ከሳተላይት በቀር ምን አላችሁ?» ብለው ተከራከሩን። ጥያቄያቸው ከባድ ነው። በአዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ የነበረው መለኪያ እንኳ ልኬቱን ለሕዝብ ማሳየት ያቆመው በ2017 ዓ.ም. ነው። መልሳችን ሳተላይቱን እንተው የሚል አይደለም። የሲሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. ሲቃጠሉ የእሳቱን ስፋት ለማወቅ ከላይ ማየት ይጠቅም ነበር፤ ያ እሳት ትልቅ፥ ቀናት የቆየ፥ ስፍራውም የታወቀ ነበር። የሀብሩ እሳት ግን ትንሽ፥ ቶሎ የሚጠፋ፥ ባለቤቱም ብዙ ነው። ለአንዱ የበቃ ማስረጃ ለሌላው አይበቃም። በተለይም ከማስረጃው የሚከተለው የሰው ስም መጥፋት ወይም መቀጮ ሲሆን፥ ቢያንስ አንድ ሰው ሄዶ አመዱን መንካት አለበት ብለን እናምናለን። ከወልዲያ እስከ መርሳ የሚኒባስ ሒሳብ ከአንድ የካርታ ኅትመት ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም።

በዚህ መሠረት ባለፈው ዓመት ባነበብነው ጥናት ላይ የሚከተለውን እርማት አድርገናል። «የማሳ ቃጠሎ» የሚለውን የሠንጠረዥ ርእስ ሰርዘን «ምክንያቱ ያልታወቀ ሙቀት» አልነው። ዝቅተኛ የእርግጠኝነት ደረጃ ያላቸውን ነጥቦች ለይተን በሌላ ዐምድ አስቀመጥን። ስለ ወልዲያ ሰማይ መደፍረስ የሰጠነውን ፍርድ ፈጽመን አንሥተናል፤ በምትኩ የምናስቀምጠው ገና የለንም። በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን ቅጂ በእጃችን አርመን ፈርመንበታል፤ አንድ ቅጂም የመርሳዋ ጓደኛችን ለአባቷ ይዛ ሄዳለች።